በማያውቀው ማሽን ላይ የሚነሣ ሥርዓት፦ «ከንቱ ድካም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ዋና ሥርዓት) ላልተሠራለት ኮምፒውተር ማዋል ከንቱ ድካም ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ክርክራቸውን በአምስት ነጥብ አቅርበዋል። ፕሮሰሰር የሚያውቀው የራሱን ትዕዛዝ ብቻ ስለሆነ ለሌላ ማሽን የተጻፈን ሥርዓት በእርሱ ላይ ማስነሣት በመሠረቱ አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ለአገልግሎት በማይበቃ ዝግታ ይሠራል፤ ዝግታው ቢታለፍ ድራይቨር (ሥርዓቱ የማሽኑን ክፍሎች የሚያዝበት ፕሮግራም) ስለማይገኝለት አይረጋም፤ ቢረጋም የአምራቹን መብት መንጠቅ ነው፤ ይህ ሁሉ ቢቀር ደግሞ ተገቢውን ማሽን መግዛት እየተቻለ ድካሙ ጥቅም የለውም ይላሉ። ነጥቦቹን በየተራ እመለስባቸዋለሁ፤ ትክክል በሆኑበት ቦታም ትክክል መሆናቸውን አልሸሽግም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «አይገጥምም» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትርጉም ይጠቀሙበታል፤ ቃሉ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይሸፍናል። አንደኛው የፕሮሰሰሩ የትዕዛዝ ስብስብ ራሱ ሌላ ሲሆን ነው፤ ለኤክስ86 (ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የፒሲ ፕሮሰሰሮች ቤተሰብ) የተዘጋጀ ሥርዓት አርም የተባለው የሌላ ቤተሰብ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ሲፈለግ ማለት ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት ሆኖ በዙሪያው ያለው ነገር፣ ማለትም የኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ ጥሪ) መቆጣጠሪያው፣ የሰዓት ቆጣሪው፣ የግራፊክስ ካርዱና የማስነሻ ፈርምዌሩ (በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚያስነሣው ፕሮግራም) ሲለይ ነው። ሦስተኛው በኤሌክትሮኒክሱ በኩል ምንም ሳይጎድል አምራቹ በውል ወይም በዲጂታል ፊርማ የዘጋው በር ነው። ሦስቱ መፍትሔያቸውም፣ ዋጋቸውም፣ የሚገዛቸው ሕግም ይለያያል። ጸሐፊው ግን የመጀመሪያውን ክብደት ለሁለተኛው፣ የሦስተኛውን ክልከላ ለመጀመሪያው እያሸከሙ ስለሚሄዱ፣ ለአንባቢው በሩ ሁሉ በአንድ ቁልፍ የተዘጋ ይመስለዋል።

«በመሠረቱ አይቻልም» የሚለው የመጀመሪያው ነጥብ ኮምፒውተር ገና በወረቀት ላይ ሳለ መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ጥናት (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሌላውን ማሽን መግለጫ እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ ያ ማሽን የሚሠራውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ አንድ ሁለንተናዊ ማሽን ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። ፕሮሰሰር የሌላውን ትዕዛዝ አያውቅም መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማወቅ የሚጠበቅበት እርሱ ሳይሆን በእርሱ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተር የምንለው ይህ ፕሮግራም የእንግዳውን፣ ማለትም የሚመሰለውን ፕሮሰሰር ሬጅስተሮች (የውስጥ ማስቀመጫዎች) በሜሞሪ ውስጥ እንደ ተራ ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ ከእንግዳው ኮድ አንድ ትዕዛዝ ያነሣል፤ ምን እንደሚል ይፈታል፤ ትዕዛዙ በእውነተኛው ማሽን ላይ ሊያመጣ የሚገባውን ለውጥ በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ያደርጋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንግዳው ሥርዓት ከበታቹ ያለውን አያይም። ለጠየቀው ሁሉ ትክክለኛ መልስ እስካገኘ ድረስ፣ በሌላ ማሽን ላይ መሆኑን የሚጠረጥርበት ነገር የሰዓቱ አካሄድ ብቻ ነው።

ነገሩ ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎችን ልጥቀስ። በ2012 አንድ ባለሙያ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ) ላይ አስነሥቷል። ቺፑ በውስጡ ያለው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ሊኑክስ የሚፈልገውን ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰርና የሜሞሪ አስተዳደር ክፍልም የለውም። ባለሙያው በዚህ ቺፕ ላይ የአርም ኢሙሌተር ጽፎ፣ የቀረውን ሜሞሪ ከአሮጌ የሜሞሪ ካርድ ላይ በሽቦ አገናኝቶ፣ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ከሚፈጅ ጥበቃ በኋላ የትዕዛዝ መስመሩን በስክሪን ላይ አየው። እንግዳው ፕሮሰሰር በዚያ ሁኔታ የነበረው ፍጥነት 6.5 ኪሎኸርዝ ገደማ ነበር። ያው ሰው በ2024 ሊኑክስን ኢንቴል በ1971 ባወጣው 4004 በተባለው ባለ 4 ቢት ቺፕ ላይ በተመሳሳይ ዘዴ አስነሥቶታል፤ ለመነሣት ከ4 ቀናት በላይ ፈጅቶበታል። ማንም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ደብዳቤ አይጽፍም። ነገር ግን ጸሐፊው «አይቻልም» ባሉበት ቦታ ሊሉ የሚችሉት «ዝግ ይላል» ብቻ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ያ ደግሞ ሁለተኛው ነጥባቸው ነው።

ሰፊ መልስ የሚገባውም እርሱ ነው። ጸሐፊው ስለ ፍጥነት ሲጽፉ በዐይነ ሕሊናቸው ያለው ከላይ የገለጽሁት ዓይነት ኢሙሌተር ብቻ ይመስላል። ያ ኢሙሌተር በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በተነገረ ቁጥር የሚያስተረጉም ሰው ማለት ነው፤ ያው ዐረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ቢደገም ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ያስተረጉመዋል። የእንግዳውን አንድ ትዕዛዝ ለመፈጸም ከራሱ ትዕዛዞች ብዙዎቹን ስለሚያወጣ ዝግ ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከአስተርጓሚ ሌላ ተርጓሚም አለ። ተርጓሚ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ይመልሰውና ያኖረዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነበበው ትርጉሙ ነው። በኮምፒውተሩ ዓለም የእንግዳው ኮድ ቁራጭ በቁራጭ ወደ አስተናጋጁ ፕሮሰሰር ትዕዛዝ ይመለሳል፤ የተመለሰው በሜሞሪ ይከማቻል፤ ያው ቁራጭ በድጋሚ ሲጠራ ሳይፈታ በቀጥታ ይሠራል። ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ጥቂት የኮድ ዙሮችን በመደጋገም ስለሆነ የትርጉሙ ወጪ ቶሎ ይካካሳል። ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ታሪኩም ከጸሐፊው ጋር አይቆምም። አይቢኤም በ1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ ብዙ ደንበኞቹ ለቀድሞው 1401 ማሽን ያጻፏቸው ፕሮግራሞች ነበሯቸው። አሮጌው ማሽን ርዝመቱ በሚለዋወጥ የፊደልና የአስርዮሽ አኃዝ ረድፍ ላይ ይሠራል፤ አዲሱ በባይት ተመድቦ ነው የሚያስበው፤ ሁለቱ ከቁጥር አያያዛቸው ጀምሮ አይገናኙም። ኩባንያው የአሮጌውን ጠባይ በአዲሱ ማሽን ማይክሮኮድ (ትዕዛዞቹን የሚፈጽመው የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) ውስጥ አስገባ፤ የ1401 ፕሮግራሞችም በአዲሱ ማሽን ላይ ከራሳቸው ማሽን በበለጠ ፍጥነት ሠሩ። ከዚያ በ30 ዓመት አፕል የማኪንቶሽን ፕሮሰሰር ከሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ ለወጠ። በ1994 ለገዢዎች ያስረከበው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አብዛኛው ክፍሉ ገና ለአሮጌው ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ኮድ ነበር፤ በማሽኑ ሮም (ቋሚ ሜሞሪ) ውስጥ የተቀመጠ ኢሙሌተር እያስተረጎመለት ይሠራ ነበር። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ በባዕድ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው አንድ ተራ ፕሮግራም ሳይሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ነው፤ ያንን ያደረገውም የአማተሮች ቡድን ሳይሆን የማሽኑ አምራች ነው።

በ2020 ያው ኩባንያ ከኢንቴል ወደ ራሱ አርም ፕሮሰሰሮች ሲሻገር ሮዜታ 2 የተባለውን ተርጓሚ አቀረበ። ሮዜታ 2 የኢንቴል ፕሮግራሞችን ገና ከመሥራታቸው በፊት ይተረጉማቸዋል፤ በሥራ ላይ ሳሉ የሚፈጠረውን ኮድ ደግሞ እዚያው ይመልሳል። በእኔ ግምት ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ከትርጉሙ ይልቅ የሜሞሪ ቅደም ተከተል ነው። የኤክስ86 ፕሮሰሰር አንዱ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) በተራ የጻፈውን ነገር ሌላው ኮር በዚያው ተራ እንደሚያየው ዋስትና ይሰጣል፤ አርም ግን ለፍጥነት ሲል ተራውን ሊያቀያይረው ይችላል። ስለዚህ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ በትክክል የተረጎመ ፕሮግራም እንኳ፣ ብዙ ኮር ላይ ሲሠራ፣ አልፎ አልፎ ብቻ በሚታይና መንሥኤው በማይገኝ ስሕተት ሊወድቅ ይችላል። ይህን ለመከላከል ተርጓሚው በየጽሕፈቱ መካከል ማገጃ ትዕዛዝ መክተት ይኖርበታል፤ ማገጃው ደግሞ ፍጥነትን ይበላል። አፕል ይህን የፈታው የኤክስ86ን ተራ የሚያስከብር ሁነታ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በመሥራት ነው፤ ለተተረጎመ ፕሮግራም ሁነታው ይበራል፤ ለሌላው ይጠፋል። በሁለት ማሽኖች መካከል ያለው ልዩነት በትክክል የት ላይ እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ሃርድዌሩን አግዞ ርቀቱን ያሳጥረዋል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ቦታም ልናገር። ሮዜታ 2 የሚተረጉመው ፕሮግራሞችን ነው እንጂ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን አይደለም፤ የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ማራዘሚያዎችን አይተረጉምም፤ ሙሉ የኤክስ86 ኮምፒውተር የሚፈጥሩ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞችንም አይቀበልም። ሙሉ ሥርዓት ለትርጉም የሚከብደው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሜሞሪውን ካርታ ራሱ ስለሚሥልና በፈለገ ጊዜ ስለሚለውጠው ነው፤ ኢሙሌተሩ እንግዳው የሚነካውን እያንዳንዱን አድራሻ በዚያ ካርታ ላይ ፈልጎ ወደ ራሱ አድራሻ መመለስ ይኖርበታል። ኢንተራፕት ሲመጣም እንግዳው በሁለት ትዕዛዞች መካከል በትክክል የት እንደቆመ መናገር አለበት። የገጽ መጠን እንኳ አይገጥምም፤ ኤክስ86 ሜሞሪን በ4 ኪሎባይት ገጽ ሲከፍል፣ የአፕል አርም ሥርዓት በ16 ኪሎባይት ይከፍለዋል። ስለዚህ የኤክስ86 ዊንዶውስን በአርም ማክ ላይ በኪውኢሙ አስነሥቶ ከባድ ሥራ ሊሠራበት የሚያስብ ሰው የጸሐፊውን ማስጠንቀቂያ ቢሰማ መልካም ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሁልጊዜ ዝግ ነው» ማለት ግን ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለውን ሰፊ ዘርፍ መርሳት ነው። የትዕዛዝ ስብስቡ አንድ ከሆነ የሚተረጎም ነገር የለም፤ እንግዳው ኮድ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ በቀጥታ ይሄዳል፤ ተይዞ የሚቆመው ማሽኑን በሙሉ ሊቆጣጠር የሚሞክርባቸው ጥቂት ትዕዛዞች ላይ ብቻ ነው። ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ በ1974 አንድ ፕሮሰሰር ለዚህ የተመቸ የሚሆነው መቼ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጠዋል፤ እንግዳው የማሽኑን ሁኔታ የሚነካ ትዕዛዝ በሰጠ ቁጥር ፕሮሰሰሩ አቁሞ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም እንግዶቹን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም ማስረከብ አለበት። የኤክስ86 ቤተሰብ ይህን አያሟላም ነበር። ፔንቲየም በተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ 17 ትዕዛዞች ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው፤ ለምሳሌ ከመካከላቸው አንዱ ኢንተራፕትን ለመዝጋት ያለ ሥልጣን ሲታዘዝ ስሕተት ነው ብሎ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እንግዳው ሥርዓትም የዘጋ መስሎት ይቀጥላል። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ባወጣው ምርት እነዚህን ቦታዎች በትርጉም አለፋቸው፤ ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ድጋፉን በፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ዛሬ በኪራይ የሚሰጡት የክላውድ ሰርቨሮች አብዛኛዎቹ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2023 የአርም ዊንዶውስ 11 በአፕል አርም ማሽኖች ላይ ፓራለልስ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ውስጥ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ሥርዓቱ ለዚያ ማሽን አልተሠራም፤ ፕሮሰሰሩ ግን ቋንቋውን ያውቃል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ገጠመኝ ልጨምር። አምራቹ ድጋፉን ከተወ ብዙ ዓመት ያለፈው አንድ የመለኪያ መሣሪያ ነበር፤ የሚያዘው ፕሮግራም የሚሠራው ዶስ በተባለው አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ሲሆን የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በመሞት ላይ ነበር። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ገልብጬ በኢሙሌተር ላይ አስነሣሁት፤ ዶስ ተነሣ፤ ፕሮግራሙ ግን ገና ሲከፈት በዜሮ የማካፈል ስሕተት አሳይቶ ወደቀ። ምክንያቱ ዝግታ ሳይሆን ፍጥነት ሆኖ ተገኘ። በቱርቦ ፓስካል የተጻፉ የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ሲነሡ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር መቁጠር እንደሚችሉ ይለካሉ፤ ከዚያም ቁጥሩን ለ55 ያካፍሉታል፤ ፕሮሰሰሩ ከተገመተው በላይ ሲፈጥን ውጤቱ ከ16 ቢት ይተርፍና ስሕተት ይነሣል። ኢሙሌተሩን ሆን ብዬ አዘገየሁት፤ የሲሪያል ወደቡን ከእውነተኛው ወደብ ጋር አገናኘሁለት፤ መሣሪያውም ንባብ መስጠት ጀመረ።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ ማለትም በድራይቨር ጉዳይ፣ እኔ ከጸሐፊው በላይ እሠጋለሁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና ሲነሣ ብዙ ነገር አስቀድሞ ያውቃል ብለን የምናስበው በስሕተት ነው። ሜሞሪው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው በየትኛው አድራሻ እንዳለ፣ ስንት ኮር እንዳለ የሚነግረው ሌላ አካል ነው፤ በፒሲ ላይ ፈርምዌሩ የሚያዘጋጃቸው የኤሲፒአይ ሠንጠረዦች ይህን ያደርጋሉ፤ በብዙ አርም ማሽኖች ላይ ዲቫይስ ትሪ የተባለው መግለጫ ይህን ያደርጋል። መግለጫው ከተሳሳተ ፕሮሰሰሩ ምንም ቢስማማ ሥርዓቱ በጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። አፕል በ2006 የኢንቴል ማኮችን ካወጣ በኋላ የእነዚህን ማሽኖች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማክ ኦኤስን በተራ ፒሲ ላይ የሚያስነሡ ሰዎች ድካማቸው ሁሉ እዚህ ላይ ነበር፤ ኦፕንኮርን የመሳሰሉ የማስነሻ ፕሮግራሞች የፒሲውን ሠንጠረዥ እያረሙ ሥርዓቱ የሚጠብቀውን ማሽን ያሳዩታል። በዚህ መንገድ የተነሣ ማሽን በጥሩ ሁኔታ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ዕድሜው በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2018 ማክ ኦኤስ ሞሃቪ ሲወጣ ለአዲሶቹ የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርዶች ድራይቨር ሳይኖረው ስለወጣ፣ ውድ ካርድ የገጠሙ ብዙዎች በአሮጌው ሥሪት ላይ ቀርተዋል። በ2025 የወጣው ማክ ኦኤስ 26 ደግሞ ኢንቴል ማኮችን የሚደግፍ የመጨረሻው ሥሪት መሆኑ ተነግሯል፤ ከዚያ ወዲያ ለፒሲ የሚታረም ሠንጠረዥ አይኖርም፤ የትዕዛዝ ስብስቡ ራሱ ይለያልና።

ጸሐፊው ያላዩት ግን ይህ ችግር የተፈታባቸው ቦታዎች መኖራቸውን ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንግዳው ሥርዓት እውነተኛውን ካርድ አያይም፤ የሚያየው ለዚሁ ተብሎ የተነደፈ ቀለል ያለ ካርድ ነው። ቨርትአይኦ የተባለው ስምምነት አንድ ድራይቨር ብቻ ጽፎ በብዙ ዓይነት አስተናጋጅ ላይ ዲስክና ኔትወርክ ለማግኘት አስችሏል። ከዚህ የሚከብደው ሥርዓትን በባዕድ ማሽን ላይ ያለ ምንም መካከለኛ ማስነሣት ነው፤ በዚህ በኩል ሊኑክስን በአፕል አርም ማሽኖች ላይ ለማስነሣት የተጀመረውን አሳሂ ሊኑክስን የመሰለ ምሳሌ አላውቅም። ኤም1 የተባለው አርም ፕሮሰሰር ላላቸው የአፕል ማሽኖች የሃርድዌሩን ዝርዝር የሚገልጽ ሰነድ ለሕዝብ አልወጣም። በሄክተር ማርቲን የተጀመረው ፕሮጀክት ኤም1ኤን1 የተባለ ትንሽ ሃይፐርቫይዘር (እንግዳ ሥርዓትን የሚያስተናግድ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም) ሠርቶ፣ ማክ ኦኤስን ራሱን በእርሱ ውስጥ እንደ እንግዳ አስነሥቶ፣ ሥርዓቱ ከሃርድዌሩ ጋር የሚለዋወጠውን እያንዳንዱን ንባብና ጽሕፈት መዘገበ። ከዚያ መዝገብ ተነሥተው ድራይቨሮቹን ጻፉ። በ2023 አሊሳ ሮዘንዝዋይግ የመሩት የግራፊክስ ድራይቨር ሥራ ኦፕንጂኤል ኢኤስ 3.1 የተባለውን የግራፊክስ መስፈርት ይፋዊ የብቃት ፈተና አለፈ፤ በዚያ ሃርድዌር ላይ ይህን ፈተና ያለፈው የመጀመሪያው ድራይቨር ከአምራቹ ሳይሆን ከውጭ ሰዎች የመጣው ነው። «ድራይቨር ስለማይገኝለት አይረጋም» ለሚለው ፍርድ ከዚህ የበለጠ ማስተባበያ መፈለግ አያስፈልገኝም።

ስለ ደኅንነት ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አልፈውታል፤ እኔ ግን ለእርሳቸው ልጨምርላቸው እወዳለሁ። በፕሮግራም የሚመሰል ሃርድዌር ራሱ ኮድ ነው፤ ኮድ ደግሞ ይሳሳታል። በ2015 ይፋ የሆነው ቬኖም የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ኪውኢሙ በሚያስመስለው የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ውስጥ ነበር፤ ፍሎፒ ከተረሳ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም በእንግዳው ውስጥ ያለ አጥቂ በእርሱ በኩል ወደ አስተናጋጁ ሊወጣ ይችል ነበር። ለማሽኑ ያልታሰበ ሥርዓት ለማስነሣት ሲል የማስነሻ ጥበቃዎችን የሚያጠፋ ሰውም ምን እንዳጠፋ ማወቅ አለበት።

አራተኛውን ነጥብ ጸሐፊው «ስርቆት» በሚል ቃል ዘግተውታል። ሕጉ ግን እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም። የአፕል የፈቃድ ውል ማክ ኦኤስ በአፕል ስም በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲጫን ይፈቅዳል። ሳይስታር የተባለ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ ማክ ኦኤስ የተጫነባቸውን ፒሲዎች ሲሸጥ አፕል ከሰሰው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2009 ለአፕል ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2011 አጸናው። በዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ በተለይ የሚሸጥ ሰው ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም። ነገር ግን ይህ ስለ ሦስተኛው ዓይነት አለመግጠም፣ ስለ ውሉ የተሰጠ ፍርድ ነው። የሌላውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም መጻፍን በተመለከተ ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን የኢሙሌተር ሠሪ በከሰሰበት ጉዳይ፣ ኢሙሌተሩን ለመሥራት ፕሌይስቴሽን የተባለውን የሶኒ የጨዋታ ማሽን ባዮስ (የማስነሻ ፈርምዌር) ገልብጦ ማጥናት ተገቢ አጠቃቀም መሆኑን ወስኗል። ከ1991 ጀምሮ ያለው የአውሮፓ የሶፍትዌር መመሪያም ሁለት ፕሮግራሞች እንዲግባቡ ለማድረግ ሲባል ኮድን ፈትቶ ማጥናትን በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅዳል። ሊኑክስን በማንኛውም ማሽን ላይ ለሚያስነሣ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሣም። ውል መጣስ፣ ኮድ መገልበጥና ማሽንን ማጥናት ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ የወንጀል ስም መጥራት ሕጉን የሚጠብቀውን ሰው ያለ አግባብ ይወነጅለዋል።

«ተገቢውን ማሽን ግዙ» የሚለው የመጨረሻው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው፤ ተገቢው ማሽን ሁልጊዜ የሚገዛ ይመስላቸዋልና። ብዙ ማሽኖች ዛሬ አይሠሩም፤ የተረፉትም የኃይል ማከፋፈያቸው እየፈነዳ፣ መግነጢሳዊ ዲስካቸው እየተላጠ ነው። የአይቢኤምን ሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ሄርኩለስ ከ1999 ጀምሮ፣ የዲጂታል ኢኩዊፕመንትን አሮጌ ማሽኖች የሚያስመስለው ሲምኤችም ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ማሽኖቻቸው የጠፉባቸውን ሥርዓቶች በሕይወት አቆይተዋል። ዩኒክስ የተባለውን አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጀመሪያ ሥሪቶች ዛሬ በራሱ ስክሪን ላይ አስነሥቶ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ፒዲፒ-11 የተባለውን የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ማሽን እንደ አዲስ የሚገዛበት ቦታ የለም፤ ሲምኤች ግን አለ።

ያልተሠራ ማሽንም አይገዛም። የኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር በ2003 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ሊኑክስ ለእርሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ገንቢዎቹ ቺፑን ከማግኘታቸው በፊት በማስመሰያ ላይ አስነሥተውታል። ከዚያ የሚቀድመው ታሪክ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ባይመለከትም ዘዴው ያው ስለሆነ ልናገረው። በ1975 መጀመሪያ ላይ ቢል ጌትስና ፖል አለን ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ላለው አልቴር ኮምፒውተር ቤሲክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመጻፍ ሲነሡ አልቴር አልነበራቸውም። አለን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒዲፒ-10 ላይ 8080ን የሚያስመስል ፕሮግራም ጻፈ፤ ቤሲኩ የተጻፈውም የተፈተነውም በዚያ ላይ ብቻ ነበር። አለን ኮዱን በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ይዞ ወደ አልበከርኪ በረረ፤ ጥቅልሉን ወደ ማሽኑ የሚያስገባውን አጭር የማስነሻ ኮድ ያልጻፉት መሆኑ ትዝ ያለው አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ስለነበር እዚያው ጻፈው። ጥቅልሉ ተነበበ፤ ያ ኮድ እውነተኛ 8080 ሲነካ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ማሽኑ የሜሞሪውን መጠን ጠየቀ፤ አለን 2 ሲደመር 2 ስንት እንደሆነ እንዲያትም አዘዘው፤ 4 ብሎ መለሰ።